ሐሙስ በባንታያ የሥራ ቀን ነበር

ውድ ወንድሜ ኤሉቴሪዮ፣

አፈሩ ይቅለልህ ልልህ ብዕሬን አነሣሁና ቃሉን ተውሁት። የተጫነህ አፈር የከተማችን የሳንታ ሉሲላ አፈር አይደለምና።

የከተማችን ምሥረታ ቀን በዓል ሆኖ እንዲታወጅ ለማኒላ ያረቀቅሁትን ልመና ታስታውሳለህ። ጮክ ብለህ አንብበህ ስታበቃ፣ «አንተ ሰው፣ ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል መንግሥት ልብ የለውም!» ብለህ ሳቅህብኝ። አዋጁን ግን አልሰማህም። በዋዜማው ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ለቀስተኞች እንደ ልማዳችን በአስከሬንህ ዙሪያ ካርታ ሲጫወቱ፣ ሬዲዮው ተናገረ፦ ነገ በሳንታ ሉሲላ ብቻ ሥራ ዝግ ነው። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ በሣጥንህ አጠገብ ቆሜ እጅ ነሣሁ።

ቀብርህ ለሐሙስ ነበር፤ መርከበኛው ልጅህ ሮዴልም በዚያው ማታ ወደ መርከቡ በአውሮፕላን መመለስ ነበረበት። ባለቤትህ ሳሉድ ለመቃብሩ ኃላፊ ደወለች።

«እማማ፣ በበዓል መቃብር አይከፈትም» አላት። «ቆፋሪዎቹም ሰልፍ ይወጣሉ። ካናቴራ ሳይቀር ታድሏቸዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ፎርቱናቶ፣ ከንቲባው የእርስዎን ቃል ይሰማል። እባክዎን ይደውሉለት። ከእናቱ ጎን እንዲያርፍ ነው የተናዘዘው።»

ወደ በረንዳ ወጥቼ ደወልሁ።

«መምህር! የነገው ንግግር ደረሰ?» አለኝ ከንቲባው።

«ደርሷል፣ ክቡርነትዎ።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ከእኔ ጎን ነው የሚቀመጡት።»

አመሰገንሁ። ስለ አንተ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም፤ ደስታውን ማደፍረስ ነውር መሰለኝ። ተመልሼ ለሳሉድ፣ «ለመንሁት፤ እምቢ አለ» አልኋት።

«እንግዲያው ከድልድዩ ማዶ፣ ባንታያ፣ የወላጆቼ የመቃብር ቦታ አለ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እዚያ ነገ የሥራ ቀን ነው።»

«ባንታያ?» አለች ጎረቤትህ ዶራይ። «የባንታያ ዓሣ እንኳ አጥንቱ ይበዛል ሲል የኖረ ሰው! ይሄን ቢሰማ ከሣጥኑ ተነሥቶ በእግሩ ይሄዳል!» ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳሉድም ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

በማግሥቱ ስለ ከተማችን ፍቅር ስናገር፣ አስከሬንህ በድልድዩ አፍ ሰልፉ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። ከመድረኩ አየሁት። ሮዴል ንግግሬን አክብሮ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭብጨባው ሲነሣ ወደ ማዶ ተሻገራችሁ።

ማታ ሮዴል ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለልኝ። «የክርስትና አባቴ፣ ስለ አባቴ ከንቲባውን ለምነውልናል። ባይሳካም ውለታዎን አንረሳም።»

«ምንም አይደለም፣ ልጄ» አልሁት። እንዲህ አልሁት፣ ኤሉቴሪዮ።

በዘጠነኛው ቀን ለነፍስህ በሚደረገው ጸሎት ቤትህ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ በሳሉድ ፊት ቆሜ አነብባለሁ፤ ሮዴልም በስልክ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ወንበር ይሰጠኝ እንደሆነ እነርሱ ያውቃሉ።

ወዳጅህ
ፎርቱናቶ