ለአውራ በግሽ ምስጋና አለኝ

ኮኮላ፣ እሑድ

ሲርካዬ፣ አልተባረርኩም! የጀማሪዎች ፈተና የሆነውን የሽጉጥ ውድድር ዛሬ ጨረስኩ። ከኢላማ ወደ ኢላማ እየሮጥሽም ቢሆን አፈሙዙ ከኢላማዎቹ ጀርባ ካለው የአፈር ክምር መዞር የለበትም። ወደ ሰው ከዞረ ወዲያው ትባረሪያለሽ፤ ፈተናውም ለከርሞ ይተላለፋል።

እኔ ደግሞ በጥድፊያ ከአንድ አጥር ጥግ ያለውን ኢላማ ረስቼ አለፍኩት። የቡድኔ ሰዎች አይተዋል፤ ለተኳሽ መንገር ግን ክልክል ነው። ዳኛው ኦላቪ ብቻ እንደ ደንቡ፣ «ከጨረስሽ ሽጉጡን ባዶ አድርጊና አሳዪኝ» አለ። ያን ጊዜ ኢላማው ትዝ አለኝና፣ በሰው ፊት ድምፄ የማይሰማው እኔ፣ «አልጨረስኩም!» ብዬ ጮህኩ። ጣቴን ከቃታው አንስቼ፣ ሽጉጡን ወደፊት እንደያዝኩ፣ ስድስት እርምጃ የኋሊት ሄድኩና ኢላማውን ሁለቴ መታሁት።

«እንዲህ የኋሊት መሄድ ማን አስተማረሽ እህቴ?» አለኝ ኦላቪ።

«የጓደኛዬ አውራ በግ» አልኩት። «ጀርባ ከሰጡት ይወጋል።»

ቡድኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በሰዓት ከሁሉም መጨረሻ ነኝ፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ኪሴ ውስጥ ነው።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ለበጉም አንድ ካሮት ስጪልኝ፤ ብቻ ፊት ለፊት ሆነሽ።

አኑካሽ