አንቺ ቅመሺ

ጥር 6
ተራ ቀን። ሆቴሉ ውስጥ ለመቶ ሰው ምሳ አወጣሁ። ጨው በእጄ ልክ፣ እሳት በዓይኔ ልክ… ሃያ አራት ዓመት ድስት ላይ የቆመ እጅ ምላስ አይጠይቅም። እስካሁን የነቃብኝ የለም። ከኅዳሩ ጉንፋን ወዲህ አፌ እንጨት ሆኗል። ሽታም ጣዕምም የለም። ትኩስ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያቃጥል፣ በቃ ይሄው ነው። ሐኪሙ "ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ይሄን ይሄንማ እኔም አላጣሁትም።

ከሥራ ስወጣ ቀጮ ደወለ። ድሮ አንድ ኪችን ውስጥ አብረን ድስት ስናጥብ የነበርን ጓደኛዬ። ቀጮ ይባል እንጂ አሁን በር የሚገባው በጎኑ ነው። ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። "ኪችኑ ያንተ ነው፤ በላይህ አለቃ የለም። ከነባለቤትህ ና፣ ቤቴ ምሳ እንበላና ነገሩን እንቋጫለን" አለኝ።

የራሴ ኪችን። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት ነገር… ምላሴ ከሞተ በኋላ ይምጣ? ይሄ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?

ባለቤቴ አታውቅም። ምን ብዬ ልንገራት? አስተማሪ ጓደኞቿ ፊት የምትኩራራው በኔ ነው።

ጥር 11
ፈቃድ ወጣሁ። የሷም ትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። መንገዱ የሁለት ቀን ነው። እሷ ግን "አራት ቀን እናድርገው። እያየን፣ እየበላን፣ እንደ ሙሽራ" አለች። ካርታ ላይ ምግብ ቤት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አክብባለች። የተማሪ ደብተር የምታርም ነው የሚመስለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዬ ነበር… አሁን እያንዳንዷ ቀይ ክብ ፈተና ናት።

ጥር 12
ፏፏቴ አየን። ውሃ ነው፣ ይወርዳል። እሷ ግን ቀሚሷ እስኪርስ ቆመች።

ምሳ ዓሣ ቤት። ጥብሱ ሲቀርብ ሳህኑን ወደሷ ገፋ አደረግኩና "አንቺ ቅመሺ" አልኳት። ደነገጠች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ቀድማኝ ቀምሳ አታውቅም፤ ሹካውን ከእጇ የምነጥቅ ሰው ነኝ። ፊቷን አየሁ። ቅንድቧ ከፍ ካለ ጨው በዝቷል። ዓይኗን ከጨፈነች ጥሩ ነው። አኝካ ቆም ካለች አንድ ነገር ጎድሏል። ወዲያው ለመድኩት።

ቅንድቧ ከፍ አለ። ባለቤትየውን አስጠርቼ "ጨዋችሁ ከበድ ብሏል፣ ጌታዬ" አልኩት፤ ገና አንድ ጉርሻ ሳልበላ። ሰውየው እጅ ነሳኝ። "በዓይንህ ነው እንዴ የምትቀምሰው፣ ሼፉ?" አለች እየሳቀች። እውነቷን ነው። አሳቅኳት ብዬ ደስ አለኝ ደግሞ፣ ሌባው።

ጥር 13
የድንጋይ ድልድይ፣ ከዚያ የሸክላ ገበያ፣ ከዚያ የተጠበሰ በግ። አረንጓዴውን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሻንጣ ውስጥ መክተቷንም አላየሁም። ከንፈሯን ቀባ አድርጋለች።

ስትበላ ዓይን ዓይኗን ሳይ ያዘችኝ።
"ምነው እንዲህ ታየኛለህ?"
"ተከልክሏል?"
አንገቷን ደፋች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደ ኮረዳ አንገቷን ደፋች። ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። በጉ ጥሩ ነው ማለት ነው። "አበሳሰሉን ያውቁበታል" አልኩ።

ልንገራት እንዴ? ነገ… ከቀጮ ቤት በኋላ። ኪችኑ እጄ ይግባ መጀመሪያ።

ጥር 14
ጎማ ፈነዳ። እስኪጠገን መኪና ውስጥ ዳቦና ማር። በማንኪያ አቀበለችኝና "እንዴት ነው?" አለች። "አንቺስ?" ስላት "አንተን ነው የጠየቅኩት" አለች። ይጣፍጣል አልኩ። ማር ሌላ ምን ያደርጋል?

ጥር 15


ረፋድ ላይ ደረስን። ቀጮ በር ላይ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ምግብ ቤቱን አሳየን። ነጭ ሸክላ ግድግዳ፣ ስድስት ምድጃ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት። ምድጃው ላይ እጄን አሳረፍኩ። "የት እንደምትቆም እያየህ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ፣ እያየሁ ነበር።

ምሳ ቀጮ ቤት። ሚስቱ ከጠዋት ጀምራ ጉድ ጉድ ስትል የዋለች ሴት ናት፤ ለሼፍ ነዋ የምታበስለው። ፊቷ ልክ አልነበረም፤ ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩት። የምስር ሾርባ ቀዳችልን። እንደለመድኩት ወደ ባለቤቴ አየሁ። አንድ ማንኪያ ወሰደች፣ ፈገግ አለች፣ "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" አለች። ቅንድቧ አልተነሳም። ጥሩ ነው ማለት ነው።

ጠጣሁና አፌን ሞልቼ ጀመርኩ። "እኔ ሾርባ እንዲህ ሲሠራ አላየሁም! እሳት አያያዝሽን ነው ያደነቅኩት። መጥተሽ የኛን ሆቴል ልጆች በእሳት አያያዝ ባሠለጠንሽልኝ…"



ሚስትየዋ ጭልፋውን አስቀመጠች። "አሯል እኮ… ጎረቤት መጥታ ስናወራ… ሌላ ለመሥራት ሰዓት አልነበረም። ልነግራችሁ ነበር።" ዓይኗ ውሃ ሞላ። ተነስታ ወጣች።

 ለካ ቤቱ በሙሉ ያረረ ምስር ይሸት ነበር! ከኔ በስተቀር ሁሉም አውቋል። ባለቤቴ ሰው ቤት ምግብ የማትነቅፍ፣ ድንጋይ ቢያቀርቡላት "ተባረኩ" የምትል ሴት መሆኗን እንዴት ረሳሁት? መንገድ ላይ ያየሁት ፊት የምግብ ቤት ፊት ነው። የእንግድነት ፊቷን አላጠናሁትም።

ቀጮ አየኝ። "ሚስቴ ላይ ነው የምትቀልደው? ገበታዬ ላይ?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልቀምስም። አይሸተኝም። ሁለት ቃል ይሁን። ስድስቱ ምድጃዎች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ።

"ቀልዴን ነው እኮ፣ ምን ታካብዳለህ" አልኩ። ሳቅኩም። አዎ፣ ሳቅኩ።

"ድሮ ሰው ነበርክ" አለኝ። ኪችኑን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ ከሴትየዋ ጋር ቆየች፤ ስትወጣ "ተነስ፣ እንሂድ" አለችኝ።

ጨካኝ ይበሉኝ እንጂ ባዶ ምላስ አይበሉኝ… ይሄ ነበር ሐሳቤ? አሁን ሁለቱንም ሆኛለሁ።

ጥር 16
 መኪናውን እሷ ነዳች። አንዴ ብቻ "ከጠዋት ጀምራ እኮ ነው የቆመችው" አለች። ፏፏቴውን ሳናየው አለፍን።

ጥር 17
ትናንት ጠዋት የገዛነው ወተት መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ዛሬ መንገድ ዳር ቆመን ልትደፋው ስትል ተቀበልኳት። ወሬ ከፍቼ ለመታረቅ ብዬ። ጥማት የያዘኝ መስዬ ግማሹን ጨለጥኩና "ጥሩ ወተት ነው፣ ምን ያስደፋዋል?" አልኩ።

ቆማ አየችኝ። ጠርሙሱን ወስዳ አሸተተች። ፊቷ ጠቆረ።

"ከመቼ ጀምሮ?"
"ምኑ?"
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ከኅዳር።"

አይዞህ የምትለኝ መሰለኝ። ወይም እንደ እናት የምትቆጣ። ለምን ለሐኪም አልታየህም፣ ለምን ደበቅከኝ… መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጠርሙሱን እንደያዘች ቀስ ብላ፣

"እና ስበላ ፊቴን የምታየው… ለእሱ ነው?"

 መዋሸት እንኳ አቃተኝ፤ ያኔ ነበር መዋሸት።

"እኔ እኮ…" አለችና ተወችው። ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች። አረንጓዴው ነው። "እኔ እኮ እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም ብዬ፣ ለእህቴ ሁሉ ደውዬ ነገርኳት።"

ወተቱን ደፋችው። ከንፈሯን በመዳፏ ጠረገች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ሞተር አስነሳች። ስገባ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

 ምላሴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ጥር 19
"ሳይሽ እኮ እውነትም ታምሪ ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። "ከንቱ አትሁን" አለችኝ።

የካቲት 2
ለቀጮ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው ያነሳችው ሚስቱ ናት። ሁሉን ነገርኳት። ሰምታኝ "እግዜር ይማርህ" አለች። ከልቧ ነው፤ ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ኪችኑን ሌላ ሰው ይዞታል። ቀጮ ወደ ስልኩ አልመጣም።

ሆቴል አሁንም አልነገርኩም። አንድ ቀን ይነቁብኛል።

ቤት ውስጥ አንጣላም። ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልክ አለ። ምሳዋን ትምህርት ቤት ትበላለች። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ድንች በሥጋ ሠራሁላት። ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ወንበሩን ወደ ውጭ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። የምትበላው አሁን እንዲህ ነው።

"ጨው በቃው?" አልኳት።

"ራስህ ቅመሰው።"

ቀመስኩት። ትኩስ ነው።