የቱፋ ቆሽት

ኅዳር 3 ቀን 1979፣ ማለዳ

ዛሬም ፂሙን ላጨሁት። መስታወት አምጪ አለኝ። የለም አልኩት። መስታወቱስ አለ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ግን ፊቱ ግማሽ ሆኗል፣ ባያየው ይሻላል። ከዚያ አንጀቱ ላይ በተከሉለት ቀጭን ጎማ ምግቡን ቀስ እያልኩ ሰጠሁት። በአፍ ምንም የለም። ውሃም ቢሆን ከንፈር ማርጠቢያ ብቻ።

ማስታወሻዬ፣ ይህ ባሌ ቱፋ ሞጆ ላይ ቆሞ ጥሬ ሥጋውን ካልቆረጠ መሪ የማይጨብጥ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። አሁን በጥጥ የረጠበ ከንፈሩን እየላሰ ይጣፍጣል ይለኛል።

የታመመ ቀን ሆዱን ይዞ ቤት ሲገባ ኮሶ ነው አለ። የኮሶ መድኃኒት ጠጣ፣ ባሰበት። እዚህ ሆስፒታል ሲደርስ ኩባዊው ሐኪም አንጀቱ ተበስቷል ብሎ ከፈተው። ያገኘው ግን ሌላ ነው። ቆሽቱ፣ ግማሽ ያህሉ፣ ሞቷል። ቱቦ አስገብቶ መልሶ ዘጋው። ለምን አላወጣውም ብዬ ጮህኩ። ሲስተር ዘነቡ አስተረጎመችልኝ፤ የሞተው ሥጋ ካልሞተው ገና አልተለየም፣ አሁን ቢነኩት ደሙ አይቆምም። ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። እስከዚያ የሞተው ሥጋ መርዝ ካልቀደመው።

ስንት ዓመት ሙሉ ቆሽቴን አሳረርከው ስለው ኖሬ የራሱ አርሮ ቁጭ አለ። ብነግረው ይስቅ ነበር። ግን አይነገረውም። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ለማ ከወንጂ በመጣ ዕለት ወስኗል፤ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ ልቡ ከወደቀ አይነሳም። ጨጓራ ነው ተብሏል። እኔም ጨጓራ ነው እላለሁ።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ነገር ፈልጎኛል። ጨጓራ ከሆነ ወተት ለምን ትከለክሉኛላችሁ ነው የዛሬው። የናዝሬት ሾፌር ግማሹ ጨጓራም አይደል፣ ሁሉም ተልባ እየጠጣ ይነዳል፣ እኔን ብቻ በረሃብ ልትጨርሱኝ ነው አለ። ሐኪም ያለውን ስማ አልኩት፣ ለተማሪ እንደምናገረው። አኮረፈኝ። ሲያኮርፍ እንኳ አይኑ ይከተለኛል፣ የኔ ጌታ።

ቀበሌ ለምን ከስብሰባ ቀረሽ ብለው ጠርተውኛል። ይጥሩኝ።

እናቱ እማማ ዲንቄ ከባቱ መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግሩን ያሹታል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉታል። ለሳቸውም ጨጓራ ነው ተብሏል።

ኅዳር 9፣ ቀን 11 ሰዓት

ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ት/ቤት ሳለሁ ቱፋ እናቱን በኦሮምኛ ለመናቸው። ተልባ አምጪልኝ፣ ጨጓራዬን ያለሰልስልኛል። እናት ናቸው፣ ልጃቸው ሲራብ እያዩ። ጎረቤት ሄደው አስቆልተው፣ አስወቅጠው፣ ወፍራም አድርገው በጥብጠው በጠርሙስ አመጡለት። ጠርሙሱን ሙሉ ጠጣው።

ስደርስ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ ይጮሃል። ቱፋ ጮኾ አያውቅም። ያስመልሰዋል፣ ሰውነቱ ይነዳል። ኩባዊው ጠርሙሱን ሲያይ በስፓኒሽ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲስተር ዘነቡ አላስተረጎመችም። አያስፈልግም ነበር።

እማማ ዲንቄ ኮሪደር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጨጓራ ነው አላላችሁኝም ወይ አሉኝ። እሳቸው ምንም አላጠፉም። ለጨጓራ ተልባ ማን ይከለክላል? እኛ ነን በገዛ እጃችን በሽታውን ደብቀን መድኃኒት ያስመረጥነው።

ኅዳር 11፣ ጠዋት

ትኩሳቱ አልወረደም። ኩባዊው አሁንም ገና ነው ይላል። ሥጋው እስኪለይ አፉን ዘግቶ መቆየት አለበት፣ እንደገና እንዲህ ካደረገ ግን የሚቀር ነገር የለም።

ልነግረው ነው አልኩ። ጋሼ ለማ ልትገድይው ነው አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱ ታላቅ ነው፣ መልስ አልሰጠውም ነበር። ዛሬ ሰጠሁት። የገደለውማ ጨጓራ ነው ማለታችን ነው አልኩት።

ገባሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጨጓራ አይደለም። ቆሽትህ ነው። ግማሹ ሞቷል፣ የሞተው መውጣት አለበት፣ ለማውጣት ግን ጊዜው አልደረሰም። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ አለኝ። ከመጀመሪያው አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያዙር። ልክ ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ራሱ ጠራኝ። ኩባዊው ለምን እንደሚጠብቅ ገብቶታል። እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ሞተር ሲግል ራዲያተር አይከፈትም። የቸኮለ ፊቱን ያቃጥላል። ሚሌ በረሃ ላይ ጥላ ፈልገሽ ቁጭ ነው፣ እስኪበርድ።» እኔ በአንድ ሳምንት ያልገባኝን!

ከዛሬ ጀምሮ ማን ቢለምነኝ በአፌ አላስገባም አለ። ከዚያ፣ አስቱ፣ ሁለተኛ አንዋሽ አለኝ። አንዋሽም አልኩት። ማስታወሻዬ፣ ስንጋባም እንዲህ ያለ ቃል አልተገባባንም።

ኅዳር 21፣ ከሰዓት

ደህና ነን። ትኩሳቱ ወርዷል። አንድ ጓደኛው የመርቲ ብርቱካን ይዞ መጣ። ቱፋ አንዱን አንስቶ አሸተተው፣ አሸተተው፣ መልሶ ሰጠው። አሳዘነኝ፣ ደግሞም ኮራሁበት።

የተማሪዎቼን ፈተና እዚያው አልጋው ላይ አርማለሁ። እያነበብኩለት። የአካባቢያችሁን ሐይቅ ጥቀሱ ለሚለው አንዱ፣ ዝናብ ሲዘንብ የቀበሌያችን ሜዳ ብሏል። ቱፋ ሆዱን በትራስ ደግፎ ሳቀ። እያመመው ሳቀ። ሙሉ ማርክ ስጪው ብሎ አዘዘኝ። ሰጠሁት።

ታኅሣሥ 2፣ ቀን 9 ሰዓት

ትኩሳቱ ተመለሰ። ኩባዊው አሁን ደርሷል አለ። ጋሼ ለማ እንደ ወጉ ሊፈርም እጁን ለእስክርቢቶው ዘረጋ። ቱፋ፣ ጋሼ፣ ሆዱ የኔ ነው ብሎ ተቀበለው፣ ፈረመ። ፊርማውን ደግሞ አሳመረ፣ ጉረኛ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ወጣ። ሲስተር ዘነቡ እንደነገረችኝ ኩባዊው ብዙውን በቢላ አይደለም ያወጣው፣ በጣቱ ነው። የተለየው ሥጋ በጣት ይላቀቃል፣ እምቢ ያለውን ይተወዋል። ካላየሁ ስላት ሳህኑን አሳየችኝ። ጥቁር፣ የረጠበ የከሰል ብናኝ ይመስላል። ይህን የሚያህል ሰው ያስተኛው ይኼ ነው ወይ?

ሆዱን አልዘጉትም። ጨርቅ ጠቅጥቀው ትተውታል። የቀረውን እየከፈቱ ያጥቡታል።

ታኅሣሥ 6፣ ከሰዓት

ትናንት ለሁለተኛ ጊዜ ታጠበ። ደክሟል፣ ግን ስሜን ይጠራል።

ዛሬ ከት/ቤት ስመጣ ጋሼ ለማና ሲስተር ዘነቡ ኮሪደር ላይ ያወራሉ። ሲያዩኝ ዝም። ጋሼ ለማ በጣም ደህና ነው፣ አንቺም ደክሞሻልና ቤት ሄደሽ ረፍት አድርጊ አለኝ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። እኔም ለብሼው ነበር።

ቱፋ ጋ ገባሁ። ተቀመጪ አለኝ። እጄን ያዘና ነገረኝ። ከሞተው ሥጋ አጠገብ ያለ ትልቅ የደም ሥር ተበልቷል። ነገ ጠዋት ይገባሉ፤ ሲነኩት ሊፈነዳ ይችላል፣ ከፈነዳ ላይቆም ይችላል። ካልገቡ ደግሞ መርዙ ይጨርሰዋል። ወንድሙ ለአስቴር እንዳትነግሯት፣ ሴት ናት፣ ትደነግጣለች ብሎ ሁሉንም አስምሏል። ቱፋም እሺ ብሎት ነበር፣ ከዚያ ልቡ እምቢ አለው። «አንዋሽም ተባብለን የለ?» አለኝ።

እንዴት ነው የምወደው። እንዲህ አድርጌ እንደምወደው አላውቅም ነበር።

ብሞት ብሎ ጀመረ። አልሰማም አልኩት። ከዚያ ሰማሁት። ባቱ ይቅበሩኝ አለ፣ እናቴ ዘንድ። እሺ አልኩት። ስንጨርስ ሁለታችንም ቀለል አለን፣ ትራሱን ላስተካክልልሽ ሲለኝ ሳቅሁ፤ በሽተኛው እሱ!

ለእማማ ዲንቄ እኔው ነገርኳቸው፣ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። አላለቀሱም። እጄን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ እስኪመሽ አልለቀቁኝም።

ነገ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ አልጋውን ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ ለማ ፊቱ እንዳታለቅሺ፣ ካስቸገረሽ ወደ ደጅ ውጪ ብሎኛል። አልወጣም። እንባዬ ከመጣ እዚያው አጠገቡ አለቅሳለሁ። ይየኝ።