የአባባን ሬዲዮ ከኮርቻው ላይ ስታነሳ

ወንድም ጋሼ፣

ቅንድብህን አሰፍተህ ስትመለስ ካጣኸኝ በር እንዳትሰብር። ቁልፉ ጎረቤት ነው። በረዶ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

መዶሻውን የወረወርኩት ልገድልህ ነው፤ ምን እዋሻለሁ?

"ውድድር እስኪጀምር እግሬ እንዳይዝል" እያልክ ያንን የቆመ ብስክሌት ሦስት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ አጠገብ ስትነዳ፣ ወለሉን ስታንቀጠቅጥ ቻልኩህ። ዛሬ ግን ለአባባ አሮጌ ሬዲዮ መጠገኛ የቀረኝን፣ ገበያ ላይ የማይገኘውን የመጨረሻ አምፖል ከጠረጴዛው ላይ ጥለህ ሰበርክና "አዲስ ሬዲዮ አትገዛም እንዴ?" ብለህ ሳቅክ። ወረወርኩ። አንተም አንገቴን አንቀህ ከግድግዳው ጋር አላተምከኝ። ጥርሴን ብስክሌቱ ስር ካገኘኸው ጣልልኝ።

ሐኪም ቤት እንደሄድክ የሬዲዮውን ክዳን ፈታሁ። አብርቼ አሞቅኩት፣ ነቀልኩትና የብስክሌትህ ኮርቻ ላይ አስቀመጥኩት። ሶኬቱ ቢነቀልም ሆዱ ውስጥ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቆይ ታውቃለህ። አባባ አንድ እጃችንን ኪሳችን ከትተን እንድንሠራ ያስተማረን ለዚህ ነበር፤ በሁለት እጅ ከተነካ በልብ በኩል ያልፋል። አንተ ግን መቼም በሁለት እጅህ ነው የምታነሳው። ይህንን አውቄ ነው ያስቀመጥኩት።

ሻንጣዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከታክሲው ወርጄ ተመለስኩ። ኤሌክትሪኩን በካቻቢቴ አወጣሁት፤ እንደ ጥይት ጮኸ።

አሁን ብትነካው ምንም አይልህም። እኔን ግን አትፈልገኝ። ዛሬ ተመልሻለሁ፤ ሌላ ቀን እንደምመለስ እንጃ።