በርጫ ላይ የሰጠሁት ቃል

ውድ እህቴ ሳቢሪን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ዋሪስስ ደህና ነው? የጅቡቲ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ ልቤ ግን አላርፍ ብሎኛል። ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩትም በስልክ ብጀምርልሽ መሐል ላይ ሌላ ወሬ እንደማመጣ ስለማውቅ ነው።

ዘንድሮ ኮሌጅ የማስተምረው የጥንት እንግሊዞችን የጀግንነት ግጥም ነው። በእነዚያ ግጥሞች ጦረኞቹ በጌታቸው አዳራሽ ተሰብስበው ሲጠጡ አንዱ ይነሳና ነገ እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ ይፎክራል። ፉከራው ግን ውል ነው። መጠጥ ላይ የተናገረውን ጦር ሜዳ ላይ ያልፈጸመ ከነዘመዱ ይዋረዳል። አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ይሄ የእኛ በርጫ አይደል እንዴ?» ብላ ክፍሉን ሳቅ በሳቅ አደረገችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት መጋላ ሰፈር፣ ጓደኛዬ አብዱሰመድ ቤት በርጫ ተቀምጠን ጫት ስንቅም ጋሽ ቡልቻ አብረውን ነበሩ። ከአባታችን ጋር ባቡር ላይ የሠሩት፣ ኋላ የኮሌጃችን ጥበቃ የሆኑት ናቸው። የፈተና ወረቀት ጠፍቶ ጥፋቱ እሳቸው ላይ ተላክኮ ማክሰኞ ኮሌጁ ያቋቋመው ኮሚቴ ፊት ሊቀርቡ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ በዓይኔ ያየሁት ግን የትምህርት ክፍላችንን ኃላፊ ነው። የእኔን የሥራ ውል በየዓመቱ የሚያድሰውም እሱ ነው። የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ዝም ማለት አቃተኝና «ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ካልተናገርኩ ወንድ አትበሉኝ!» አልኩ። ቤቱ አጨበጨበ። ጋሽ ቡልቻ ጫታቸውን አስቀምጠው ተነሱና ትከሻዬን ሳሙኝ።

ምርቃናው ሲወርድ ወኔዬም አብሮት ወረደ። ማክሰኞ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አብዱሰመድ «አቦ ተወው፣ የምርቃና ወሬ ማን ይዞ ይጠይቅሃል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ በርጫ ላይ የተባለ በርጫ ላይ ይቀራል። የኮሚቴውን ጸሐፊ ባላገኛት ኖሮ እኔም በዚሁ እጽናና ነበር።

ምስክር አለዎት ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ጋሽ ቡልቻ የለኝም አሉ። ጸሐፊዋ የበርጫውን ወሬ ሰምታ ስለነበር ተከትላ ወጥታ፣ ሉቅማን አየሁ ብሎ የለም ወይ፣ ለምን አልጠሩትም ትላቸዋለች። «ልጁ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ከመጣ በራሱ ይምጣ እንጂ እኔ ስሙን ጠርቼ እንጀራውን አላዘጋበትም» አሏት። ሳቢሪን፣ አፈርኩ። ስለ ክብር ስድስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት እኔ፣ ስሜን ሸፍነው ከሥራ የተባረሩት እሳቸው!

የጋሽ ቡልቻ የይግባኝ ጊዜ የሚዘጋው በሚመጣው ሳምንት አርብ ነው። የምስክርነት ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ዛሬ ጠዋት ኃላፊው በረንዳ ላይ አግኝቶኝ ውልህን እያዘጋጀሁልህ ነው ሲለኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ ነው ሥራዬ። ለሀምዲያ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሂድም፣ አትሂድም አላለችኝም። ሆዷን ይዛ ታየኛለች፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ሀምዲያ በጣም ሰላም ብላሻለች። ለዋሪስና ለአማትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሿን ዱኒያን ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎቴ ምንድን ነው የሚያስተምረው ብላ ጠይቃኛለች ብለሽኝ ነበር፤ እስከዚያ አርብ ድረስ መልስ አትስጪያት።

ወንድምሽ ሉቅማን
ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.