ከገጽ ዐሥራ አራት የጠፋው ሳቅ

ኅዳር 11 ቀን

ለእኔ ዶክተር፣ ለመምህሮችሽ ግን ገና ተማሪ ለሆንሽው የልጅ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ደግሞም ተናድጄብሻለሁ። ቀስ ብዬ ልጀምር ብል ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው እየጠራ የሚያወያይበትን ሴሚናር ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ። «አባባ፣ ምሁራኑ ከእናንተ መማር ይፈልጋሉ» ብለሽ ጎትተሽ ወሰድሽኝ። ሴሚናሩን የሚመራው መምህር «ለእናንተ ቤት ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የእኔ አፍ መቼ ያርፋል።

«የእኔ ቤት ከደጅ ቀድሞ ከውስጥ የሚዘንብበት ነው፤ ወሳጅ ካገኘሁ በሩን እመርቅለታለሁ» አልኩ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቀበል አድርጋ «አንተ ሽማግሌ፣ እንኳን ቤትህን የተሰበረ መዶሻህን መች ትሰጣለህ» ስትለኝ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንቺ የድምፅ መቅረጫውን ይዘሽ ጥግ ላይ ነበርሽ።

ከዚያ የሴሚናሩን መጽሔት አዘጋጅተሽ ለትምህርት ሄድሽ። ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ግንባታ ቢሮ ሰዎች መጥተው፣ ቤቶቻችን ፈርሰው የተማሪ ማደሪያ ሊሠራ ነው አሉን። «ማን ጠይቆን?» ብንል መጽሔትሽን ገልጠው ገጽ ዐሥራ አራትን አነበቡልን፦ «አንድ ነባር ነዋሪ ቤታቸውን ለመልቀቅ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸዋል።»

እኔ ቀለድኩ እንጂ መቼ ገለጽኩ? ልብስ ሰፊዋ «ፊታችን ቀልዶ፣ ኋላ ለብቻው ተስማምቷል» ብላ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አትመልስም። አርባ ዓመት ስትሰድበኝ ኖራ አሁን ዝም ማለቷ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ልጄ፣ ነገሩ ከአፌ መውጣቱን አልክድም። ሳቁን ግን የት ጣልሽው? ቀልዴን ከቁም ነገሬ ለይተሽ ያደግሽ ልጅ፣ ወረቀት ስትይዢ ጆሮሽን ማን ደፈነው? እነሱ አያውቁኝም። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።

ትናንት መምህሩ ቢሮ ገብቼ ቀረጻውን አስከፈትኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ላብ ላብ አለው። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የግንባታ ቢሮ ሰዎች ባሉበት ለሁሉም ሊያሰማልን ቃል ገብቷል። ቀረጻው ብቻውን አይበቃም። «የጻፍኩት ስህተት ነው፤ አያቴ ቤቱን እለቃለሁ አላለም» ብለሽ ፈርመሽ ላኪ። ብታፍሪም እያፈርሽ ላኪው።

ቀረጻው ላይ ከሁሉ ሳቅ ልቆ የሚሰማው የአንቺ ነው። መምህሩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ለማስረጃ ብዬ ነው።

ብዕርሽን ያለምልመው፣ ጆሮሽንም አብሮ ይክፈትልሽ።

ደብዳቤሽ እስኪደርስ ያኮረፈው፣
አያትሽ አናጺው