የልጄ ልብ ያለበትን ገጽ አስወግድ ላላችሁኝ ክቡራን

ለተከበራችሁ የከፍተኛ ሕክምና ማመልከቻ በበይነ መረብ መቀበያ ክፍል ኃላፊዎችና ሠራተኞች፤
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ በተለይም ለደብዳቤዎቼ ሁሉ ሳይታክት መልስ የሚሰጠኝ ሲስተማችሁ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከልጄ ከወለላ በቀር። እርሷ ከመደብ ተነሥታ ደጃፍ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች።

እኔ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል እባላለሁ። በላስታ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ ቅኔ አስተምራለሁ፤ ጊዜ ሲተርፈኝም የተጎዱ የብራና መጻሕፍትን እጠግናለሁ። ወለላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከልቧ በሮች አንዱ ጠቧልና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የዘንድሮው ማመልከቻ ሰኔ ሠላሳ ቀን ይዘጋል፤ ቀጣዩ ተራ የሚከፈተው በጥር ነው። ሐኪሟን እስከ ጥር ትቆይልኛለች ወይ ብዬ ብጠይቀው መሬት መሬቱን አየ። ይህን የምጽፈው ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ እናንተ ቁጥር እንደምትወዱ ስላወቅሁ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማመልከቻ ከአምስት ገጽ እንዳይበልጥ ማዘዛችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ የዘመኑ ሰው ነገር ያበዛል። ይሁን እንጂ የልጄን ማስረጃ ስካን አድርጎ በአንድ ፒዲኤፍ የሰጠኝ የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል አሥራ ሰባት ገጽ አድርጎታል። የሚፈለጉት አምስቱ ናቸው፤ ስድስቱ የወረቀት ጀርባ፣ ነጭ ናቸው፤ አራቱ ወለላ በልጅነቷ ጥርሷን ታማ ሳለች የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የሠራተኞቹ የዓመት ፈቃድ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ ከነርሶቹ የትኛዋ በመስከረም ስንት ቀን እንደምታርፍ ከባሏ ቀድሜ አውቄአለሁ። ሲስተማችሁም «አላስፈላጊ ገጾችን አስወግደው በድጋሚ ይላኩ» አለኝ። እንዴት እንደሚወገድ ግን አልነገረኝም።

ላሊበላ ድረስ ሄጄ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውን፣ ሦስት ልጆች ያሳደገውንና ትዕግሥት የታደለውን ያሲርን ለመንሁት። ፋይሉን በብሮውዘር ከፈተልኝ። ገጾቹ ሁሉ ቴምብር አክለው ተደረደሩ፤ በየገጹ ጥግ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል አለች፤ እርሷን ሲነኳት ገጹ ይጠፋል። እኔ ደግሞ፣ ክቡራን፣ ከዚህ መጽሐፍ ቅጠል የቆረጠ ውጉዝ ይሁን የሚለውን በየብራናው መጨረሻ እያነበብሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ ከመጽሐፍ ፊትና ኋላ ነጭ ቅጠል የሚተወው የተጻፈበትን እንዲጠብቅ ነው። ስለዚህ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ነጭ ይተውልኝ ብዬ አጥብቄ ለመንሁት። መሪጌታ ይኼ እኮ ብራና አይደለም አለኝ፤ ግን ሽበቴን አክብሮ ተወልኝ። ዘጠኝ ገጽ ሆኖ ሄደ፤ ዘጠኝ ገጽ ሆኖ ተመለሰ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አምስት ቀን በላብኝ።

ሁለተኛ፤ አራቱን ነጭ ላስወግድ በተመለስሁ ጊዜ ቀኑ ዓርብ ነበርና ያሲር ለጁምዓ ሄደ። መመለሱን መጠበቅ ሲገባኝ ወደ ቀዬዬ የሚሄደው መኪና ያመልጠኛል ብዬ እኔው ነካሁት። የሚወገዱት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ ናቸው ብዬ በወረቀት ጽፌ ነበር። አንደኛውን አጠፋሁ። ከዚያ ሁለተኛውን አጠፋሁ። ለካስ አንደኛው ሲጠፋ ሁለተኛው ወዲያው አንደኛ ይሆናል፣ ሦስተኛውም ሁለተኛ ይሆናል። ከብራና ቅጠል ሲጎድል ጉድለቱ ያስታውቃል፤ እዚህ ግን የቀሩት ምንም እንዳልሆነ ተጠጋግተው ቦታውን ይሞሉታል። ስምንትና ዘጠኝን ብፈልግ የሉም፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ነጮች አጠፋሁ። ብቆጥረው አምስት ሆነ፤ ደስ ብሎኝ ላክሁት። የላክሁላችሁ ግን ከፊቱ አንድ ነጭ ገጽ ያለበት፣ ሐኪሙ የጻፈው የሪፈር ደብዳቤ የጎደለበት ነበር። ይህንንም ስሕተቴን በአራት ቀን ውስጥ ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ አራት ቀን ለእናንተ ምንም አይደለም።

ሦስተኛ፤ ያሲር በሦስተኛው ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ፣ የሪፈር ደብዳቤ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የደም ምርመራ፣ የልብ አልትራሳውንድና የወላጅ ስምምነት፣ አምስት ጥርት ያሉ ገጾች አድርጎ ላከልኝ። ሲስተማችሁም እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ገጽ 4 የሌላ ሰው ስለሆነ አስወግደው ይላኩ።»

ገጽ አራት የልጄ ልብ ነው።

ስሙ የተለያየው በእኔ ነው፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ወለላ የወደቀች ዕለት በቃሬዛ ተሸክመናት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ በክርስትና ስሟ እየጠራሁ እጸልይላት ነበር። የሆስፒታሉ በር ላይ የታማሚዋ ስም ማን ይባላል ሲሉኝ አመተ ጊዮርጊስ አልሁ። ዓለማዊ ስሟ አፌ ላይ አልመጣልኝም። ከእግዚአብሔር ፊት ቆሜ ስለነበር የመዝገቡን ሰው ከእርሱ አልለየሁትም። እነርሱም እንደ ነገርኋቸው ጻፉ፤ የልቧ ሥዕል ላይም ያው ስም ታተመ። በማግሥቱ ሌላው ወረቀት ሁሉ በወለላ ስም ተጻፈ። አባት ሆኜ የልጄን ልብ የሌላ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

እንደ ትእዛዛችሁ ገጽ አራትን አስወግጄ ላክሁ። «የልብ ምርመራ ውጤት ስለጎደለ ማመልከቻው አልተሟላም» ተባልሁ። ገጹን መልሼ ጨመርሁት። «የሌላ ሰው ገጽ ተገኝቷል» ተባልሁ። ስልክ ደወልሁ፤ የኔ እመቤት ያልኋት ልጅ በትሕትና፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም፣ ሲስተሙ ነው አለችኝ። ሲስተሙን አገናኙኝ ብላት ሳቀችብኝ።

አራተኛ፤ የንስሐ አባታችን፣ ቄስ ደግሰው የሚባሉት፣ ወለላና አመተ ጊዮርጊስ አንዲት ነፍስ መሆናቸውን፣ በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ጽፈው፣ የደብሩን ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። በደስታ ጨመርሁት። አምስቱ ስድስት ሆነ። መልሳችሁን ገና ሳልከፍተው አውቄው ነበር፦ «ከአምስት ገጽ በላይ አይፈቀድም። አላስፈላጊ ገጽ ያስወግዱ።»

እስኪ እናንተው ምረጡልኝ፤ የትኛው ነው አላስፈላጊው? እናቷ ባንቺዓለም ይህን ስትሰማ፣ እናትነቴ በወረቀት ነው እንዴ፣ የኔን ፊርማ አውጣውና ልጄን ያክሙልኝ ብላ አለቀሰች። ልቧን ላሳርፍ ብዬ አወጣሁት። «የወላጅ ስምምነት የለም» ተባልሁ። እርሷ ግን የተሳካ መስሏታል፤ መመለሱን እስካሁን አልነገርኋትም። ያሲር ሶብር ያድርጉ መሪጌታ ይለኛል፤ ትናንት ግን እርሱም ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ክቡራን፣ እስከዚህ ድረስ በትሕትና ለመቀለድ ሞከርሁ፤ ከዚህ ወዲያ አልቻልሁም። እኔ የምለምናችሁ ሕግ እንዲሻር አይደለም። ከእናንተ አንድ ሰው፣ ሲስተም ሳይሆን አንድ የእናት ልጅ፣ ስድስቱን ገጽ ከፍቶ በዓይኑ እንዲያያቸው ብቻ ነው። ስድስት ገጽ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ጥርስ ከማስነቀል ያንሳል። ልጄ በየማለዳው መልስ መጣ ወይ ትለኛለች፤ እኔም በየማለዳው ኔትወርክ የለም እላታለሁ። በስተርጅና ውሸት ተማርሁ።

ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ፣ ስላስተማራችሁኝ የገጽ አወጋገድ ጥበብ፣ እንዲሁም የሰውን ልጅ በአምስት ገጽ ለማሳጠር ስለምትደክሙት ድካም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ፈጣሪ ለእናንተና ለልጆቻችሁ ማመልከቻ የማያሻው ጤና ይስጥልኝ።

የሚወጣውን ሁሉ አውጥቶ፣ ከእንግዲህ የሚያወጣው የሌለው፣
ታዛዣችሁ መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፤
የወለላ አባት፣ የአመተ ጊዮርጊስም አባት።

በተረፈ፦ ሁለቱ ስሞች በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ አብረው እንዲሰፍሩልኝ ትናንት ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሰውአገኝ የሚባለው መዝገብ ያዥ አይቻልም አለኝ፤ ወረፋ ስጠብቅም ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የቅጽ ናሙናዎች ሳነብ ቆየሁ። የሞት ምስክር ወረቀት አንድ ገጽ ብቻ ነው። እርሷን ለማግኘት የሚወገድ ገጽ የለም፣ ሲስተምም አይመልሳትም። ያችን ወረቀት ለልጄ እንዳላስወጣ አራት ቀን አላችሁ።